አባዬን አገር ላሳየው ወይስ ቤት ይቀመጥ?

ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። አባዬ 73 ዓመቱ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ዕድሜውን የጨረሰው መሪ ላይ ነው። በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው፣ ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ አንዳንዴም ወደ አርባ ምንጭ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን። አገሩን ሁሉ አልፎበታል፤ ቆሞ ግን አላየውም። ልጅ ሆነን «አዋሽ ፓርክ ላይ ሳላ መንገድ ሲያቋርጥ አየሁ» ይለን ነበር። «ወርደህ አየኸው?» ስንለው «ጭነት ይዞ ማን ይወርዳል» ይላል።

ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰኝ። አባዬን ይዤ አገር ላሳየው ብዬ በእጄ ዕቅድ ጻፍኩ። 12 ቀን ነው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ አዋሽ ፓርክ፣ ድሬዳዋና ሐረር፣ ከዚያ ተመልሰን ባሌ ተራሮች፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭና ነጭ ሳር፣ በመጨረሻ በሶዶ በኩል ጨበራ ጩርጩራን አይተን ወደ ቤት። ባሌን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው የማልመው። ቀይ ቀበሮ በዓይኔ ሳላይ መሞት አልፈልግም።

ወረቀቱን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ረጅም ሰዓት አነበበው። «ሶዶ ማደር የለም እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ እሱ ማለፊያ ነው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና «ለእኔ ብለሽ ብር አታባክኚ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሳነሳበት ወይ ዝም ይላል ወይ ወሬ ይቀይራል።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ሲሰማ ጮኸብኝ። «ደም ግፊት ያለበትን፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሽማግሌ ይዘሽ በየጫካው ልትዞሪ? አንድ ነገር ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ። መኪናውንም አልሰጥም አለኝ፤ የጎረቤት ቪትዝ ልከራይ አስቤያለሁ። እናታችን በድንገት ነው ያረፈችው፤ እሱ አልደረሰባትም። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ብሩን ማሽን ግዢበት» ይሉኛል። ልተወው? ወይስ ሁሉንም ትቼ ይዤው ልውጣ?

የሹፌሩ ልጅ፣ ከጅማ

ምላሽ

የሹፌሩ ልጅ፣ ስለ ብሩ ቶሎ ብዬ ልናገርና ልለፈው። ዕቁቡ የላብሽ ነው። ማሽን በሌላ ዙርም ይገዛል። አባትሽ ግን 73 ዓመታቸው ነው። ቅደም ተከተሉን በደንብ ነው የያዝሽው። ገና የምትጥዪው ዙር ካለብሽ የዚያን ያህል ለይተሽ አስቀምጪ። የቀረው ለዚህ ጉዞ ቢወጣ ባክኗል የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። አባትሽ ያን ሁሉ ዕቅድ ረጅም ሰዓት አንብበው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ዋጋው አልጠየቁም። ስለ ጉልበታቸው አላነሱም። ስለ ሐረርም ስለ ባሌም ምንም አላሉም። ሶዶ ማደር አለ ወይ አሉ፤ ማለፊያ ነው አልሻቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልሽ። «ብር አታባክኚ» የሚለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሶዶ ላይ ያለውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የድሮ ረዳታቸው እዚያ ይኖር ይሆናል። መኪና ተበላሽቶባቸው ያስጠጋቸው ሰው ይኖር ይሆናል። ሁልጊዜ የሚያርፉበት ቤትም ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ምንም የለም፤ የአንድ ልምድ ያለው ሹፌር አስተያየት ብቻ ነው። ያ መንገድ በአንድ ቀን እንደማይገፋ ስለሚያውቁ «የት ነው የምናድረው?» ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን የአባትሽ መልስ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበረ። አንቺም በክፋት አይደለም ያለፍሽው። ዕቅዱ በጣም ስላስደሰተሽ ነው።

አሁን «አባዬ፣ የት መሄድ ትፈልጋለህ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። የእሳቸው ዕድሜ አባቶች ለዚህ ጥያቄ ያላቸው መልስ «እኔ ምን እፈልጋለሁ» ነው። ስለ ሥራቸው ጠይቂያቸው። ቡና ተፈልቶ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ወረቀት ሳትይዢ። «ከሻሸመኔ ተነስታችሁ ሶዶ ስንት ሰዓት ትገቡ ነበር? የት ነበር የምታድሩት? ሌሊት መኪናውን ማን ይጠብቅላችሁ ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ወሬው እስኪያልቅ አታቋርጪያቸው። የሰው ስም ካነሱ «አሁን የት አለ?» ማለት ይበቃል። በሌላ ቀን ደግሞ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪና «የእኔን ዕቅድ ተወው፤ አንተ መንገዱን አውጣልኝ» በያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንቺ ወረቀት፣ ሳታስቢው፣ ጭነት አድርጓቸዋል።

ቀጥሎ የምልሽ ትንሽ ከበድ ይላል። ባሌ የአባትሽ ሕልም አይደለም። ያንቺ ነው።

ይህን ስልሽ ሕልምሽን ለማሳነስ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀሩትም ከጥቂት መቶዎች አያልፉም፤ አብዛኞቹ ደግሞ ባሌ ናቸው። ጉጉትሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሳኔቲ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ግፊትም ይጨምራል። ጤነኛ ወጣትን እንኳ ራስ ምታት ይይዘዋል። የደጋ አጋዘን የሚታይበት፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀበሮዋን በደንብ ለማየት ደግሞ በማለዳ ወጥቶ፣ ፍልፈል ስታድን ቀዝቃዛው ሜዳ ላይ በትዕግሥት መጠበቅ አለ።

እስቲ አስቢው። አባትሽን ይዘሽ ሳኔቲ ላይ ብትቆሚ ዓይንሽ ቀበሮዋን ይፈልጋል ወይስ የአባትሽን ትንፋሽ ይቆጥራል? እኔ የምፈራው ሁለቱንም እንዳታጪ ነው። ባሌን ለብቻው ቀን ስጪው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር፣ በራስሽ እግር። ፓርኩ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይጠብቅሻል። አንቺም አባትሽን ምክንያት ሳታደርጊ መሄድ ትችያለሽ። ለራስሽ ብለሽ አንድ ነገር መመኘት ነውር አይደለም።

ባሌን ካወጣሽ ዕቅዱ ወዲያው ይተነፍሳል። ምክንያቱም እንደ ጻፍሽው ከሆነ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ12 ቀን ልትጨርሺ ነው። ያ የጭነት መኪና ፕሮግራም ነው። አባትሽ ድሮ የኖሩትን፣ ማለፍ እንጂ መቆም የሌለበትን ጉዞ መልሰሽ ልትሰጫቸው ነው። ሐረርንም እዚሁ ላይ እንድትቀንሺው እመክርሻለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ካልጠየቁ በቀር። ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእሳቸው ጉልበት ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፤ አባትሽ እንደፈለጉ ይቀያይሩት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን አትግፉት። የጊቤን ቁልቁለትና አቀበት ካለፋችሁ በኋላ ወልቂጤ እደሩ። አዲስ አበባ ወንድምሽ ቤት ሁለት ሌሊት ዕረፍት። ከዚያ አዳማ አድራችሁ፣ በማለዳ አዋሽ ፓርክ። አዋሽ የእሳቸው ነው። አውራ ጎዳናው በፓርኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው ሳላውን ከመሪ ላይ ያዩት። አሁን በሩን ገብተው፣ መኪናው ቆሞ፣ እንደፈለጉ ይዩት። ፏፏቴውንም እንዲሁ። ቆላ ስለሆነ ፀሐይ ሳይበረታ ግቡ፤ ረፋድ ላይ ውጡ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ መክረሙን ሰምተሻል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ደውለሽ የመንገዱን ሁኔታ አረጋግጪ።

ከአዋሽ መልስ በሞጆ፣ በባቱ አድርጋችሁ ሐዋሳ። ሐዋሳ ለጉልበት ምቹ ከተማ ናት። ሜዳ ነው፤ የሐይቁ ዳር መቀመጫ አለው፤ አሞራ ገደል ዓሣው ትኩስ ነው። እዚያ ሁለት ቀን ምንም አታድርጉ። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ስትሄዱ አጄ አጠገብ ሰንቀሌ የሚባል የቆርኬ መጠለያ አለ። የስዌይን ቆርኬ በዓለም ላይ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሣር ሜዳ ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። ይህን ቦታ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ለአባትሽ ከሁሉም በላይ የሚስማማቸው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ሶዶ። ስንት ሌሊት እንደሆነ እሳቸው ይወስኑ።

አርባ ምንጭ ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ሜዳ አህዮቹ ወዳሉበት ሣር ሜዳ የሚወስደው መንገድ ያንገጫግጫል፤ ጠንካራ መኪናም ይፈልጋል። የጫሞ የአዞ ገበያ ደግሞ በጀልባ ነው፤ መሳፈርና መውረድ ላይ ጉልበት ይፈተናል። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸውና ይምረጡ። አልፈልግም ካሉ አንቺ በጀልባ ሂጂ፣ እሳቸው ከፍ ባለው የከተማው ክፍል፣ ሰቻ ላይ፣ ሻይ ይዘው ይቀመጡ። ከዚያ ከፍታ ላይ ዓባያና ጫሞ ሁለቱም፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሁሉንም ነገር አብራችሁ ማድረግ የለባችሁም። ማታ ስትገናኙ የምትነጋገሩበት ይኖራችኋል።

መመለሻው በሶዶ፣ በታርጫና በጭዳ ወደ ጅማ ነው። ኦሞን ትሻገራላችሁ። አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት ስለሆነ ታርጫ አካባቢ እደሩ። ጨበራ ጩርጩራን በዚህ ጉዞ ላይ አትጨምሪው። በመመለሻ ላይ ሰው ቤቱን ነው የሚያስበው። ዝሆንና ጎሽ ያለበት ፓርክ በጭዳ መንገድ ለጅማ ቅርብ ሆኖ ሳለ በድካም ማየት አያስፈልግም። በሌላ ጊዜ ለብቻው ይኬዳል። ቀኑን ደግሞ ከ12 ወደ 16 ወይም 17 ከፍ አድርጊው። ቦታ ቀንሺ እንጂ ቀን አትቀንሺ። በቀን ከአራትና አምስት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ አትቀመጡ፤ ከመሸም አትንዱ።

ስለ ቪትዙ፣ ለከተማ ጥሩ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ በገቡና በወጡ ቁጥር ይሰቃያሉ። ከፍ ያለ መኪና ከነሹፌሩ ፈልጊ፤ ወጪው ቢበዛም ቦታዎቹን ስለቀነስሽ ይካካሳል። አባትሽ ጋቢና ይቀመጡ። ከኋላ ትራስ ደግፈሽ እንደ በሽተኛ አታስቀምጫቸው። «ማርሽ ቀንስ፣ ረጋ በል» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሽማግሌ የሚያከብር ሹፌር ምረጪ፤ አስቀድመሽም ማን እንደሚሳፈር ንገሪው። የየአካባቢውን ሰላም መናኸሪያ ገብተሽ ከዚያ መስመር የመጡ ሹፌሮችን ጠይቂ፣ በዚያው ሳምንት። ይህን ሥራ ለአባትሽ ብትሰጫቸው ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። የተናገረው ሻካራ ነው፤ ያሳሰበው ነገር ግን እውነት ነው። ደብዳቤሽ ላይ እናታችሁ ባረፉ ጊዜ እንዳልደረሰ ጽፈሻል። «ማን ሊጠየቅ ነው?» ያለው ያ ሰው ነው። አንቺን እየከሰሰ ይመስልሻል። እኔ ግን እንደገና ሳይደርስ እንዳይቀር የፈራ ልጅ ነው የሚታየኝ። ስትደውዪለት ስለ መኪናው አታንሺ። «አንተም ፈርተሃል፣ እኔም ፈርቻለሁ» በዪው። ከዚያ ሥራ ስጪው። ቤቱ ታርፋላችሁ። ከቻለ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ አብሯችሁ ይምጣና ይመለስ። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር፣ በየከተማው ያለውን ሆስፒታል ስልክ እሱ ይያዝ። ከሩቅ ሆኖ ከመጨነቅ ይሻለዋል።

ሐኪም ሳያይ ግን አንድ እርምጃ አትራመዱ። አባትሽን ይዘሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም የሚከታተሏቸው ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ቢያንስ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ። ግፊታቸው የተረጋጋ መሆኑን ጠይቂ። ከግፊት መድኃኒቶች መካከል የሚያሸኑ አሉ። እሳቸው ከሚወስዱት ውስጥ ይህ ካለ፣ መንገድ ላይ በምን ሰዓት ይውሰዱት በዪ። ሽማግሌዎች መኪና ላለማስቆም ብለው ውኃ አይጠጡም፤ አንዳንዶቹም ክኒኑን ዘለል ያደርጋሉ። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። አባትሽ አፍረው አይነግሩሽም፤ ስለዚህ አንቺ ራስሽ «እኔን ሽንቴ መጣ» እያልሽ በየሰዓት ተኩሉ አስቁሚ። ወርደው ትንሽ ይራመዱ፤ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይጠቅማል። አዋሽና አርባ ምንጭ የወባ አካባቢ ስለሆኑ መከላከያ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ከግፊቱ መድኃኒት ጋርም ይስማማ እንደሆነ ጠይቂ። አጎበር ከቤት ያዢ። መድኃኒቱን ለጉዞው ከሚበቃው በላይ ግዢና ሁለት ቦታ ከፍለሽ አስቀምጪ። የግፊት መለኪያም ከቻልሽ ያዢ። ሐኪሙ አይሆንም ካለ ደግሞ አይሆንም ነው፤ እዚያ ላይ አትከራከሪ።

ከትልቁ ጉዞ በፊት አንድ ትንሽ ሞክሩ። ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ጫካው በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ የቡና ሙዚየምም አለ። ለዓመታት ቡና ሲጭኑ ለኖሩ ሰው ደስ የሚል መንገድ ነው። አንድ ሌሊት አድራችሁ ተመለሱ። ጉልበታቸው ስንት ሰዓት እንደሚችል፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነላቸው፣ ሁለታችሁም አንድ መኪና ውስጥ መዋል እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እዚያው ቦንጋ ላይ «በቃኝ» ካሉሽ መልሱን በትንሽ ወጪ አገኘሽው ማለት ነው።

እምቢ ሊሉም ይችላሉ። ይህንንም ልብሽ ውስጥ ቦታ ስጪው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ከኖረ በኋላ ደጁ ላይ መቀመጥ ሊያምረው ይችላል። ያ ከሆነ አታባብዪያቸው፤ «ለእኔ ስትል» አትበያቸው። ሶዶ ያለውን ሰው በስልክ ፈልጊላቸው፤ ይምጣና ቤታችሁ ይሰንብት፤ የዕቁቡ ብር ለእሱም መጓጓዣ ይሆናል። አንቺም ባሌሽን ሂጂ።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ጠብቂ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብትነሱ መንገዱ በአብዛኛው ደርቋል፤ አገሩም ገና አረንጓዴ ነው። የሐኪም ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ። የቡናውን ወሬ ከዚያ በፊት ጀምሪው። ለወንድምሽ ግን ከሐኪሙ ከወጣችሁ በኋላ ደውዪለት፤ በእጅሽ ላይ ልታነቢለት የምትችዪው ነገር ሲኖር ይሰማሻል።